ኮፒ ቤት የጻፈው ድፍረት

የእህቴን ልጅ ቤት ውስጥ «ድንጉጥ» ነው የምንላት። ጥላዋን ትፈራለች ቢባል ያንሳታል። ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች፤ ሳይጮህ ሲቀር ደግሞ «ምን ሆነው ይሆን?» ብላ ትደነግጣለች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ አብራኝ ናት፤ ከትምህርት ስትመለስ ጸጉር ቤቴ ገብታ ታግዘኛለች። የምትማረው ኬሚስትሪ ነው። ታዲያ አዲስ የጸጉር ቀለም በመጣ ቁጥር ማሸጊያው ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ሳታነብ፣ ከደንበኛዋ ጆሮ ጀርባ ጠብታ ቀብታ እስከ ማግስቱ ሳታይ ንክች አታደርግም። ዛሬውኑ ሊያምርባት የመጣች ሴት «ነገ ተመለሺ» ስትባል ደስ ይላታል? ስንቷን አስኮርፋ መለሰችብኝ! «አንቺ ደንበኛ አባራሪ፣ ጸጉር ቤቱን ዘግተሽልኝ ልትመረቂ ነው» እላታለሁ።

ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ኢንተርንሺፕ የሚሉት የሥራ ልምምድ ያልወጣ አይመረቅም ተባለ። ጓደኞቿ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ እሷ ሲቪ እንኳ አልጻፈችም።

«ምን ብዬ ልጻፍ? ምንም ሠርቼ አላውቅም እኮ» ትላለች።

«ጸጉር ቤቱስ?» ስላት፣ «እሱም ሥራ ነው እንዴ?» አለችኝ፤ ለእኔው! ዋጥ አደረግኩት።

በመጨረሻ ግቢያቸው በር ላይ ካለው ኮፒ ቤት ሄዳ አስጻፈች። የኮፒ ቤቷ ሴትዮ የተዘጋጀ ሲቪ አላት፤ ስምና ስልክ ትቀይራለች፣ ታትማለች፣ በቃ። ወረቀቱን ተቀብዬ ሳነበው ሳቅ አፈነኝ። «ደፋር፣ በራሴ የምተማመን፣ በማንኛውም ጫና ውስጥ ያለ ፍርሃት የምሠራ» ይላል።

«ይህቺ ደግሞ ማን ናት?»

«አውጪልኝ ልላት ነበር። ሴትዮዋ ግን ቁጡ ናት። ፈራሁ።»

ደፋር የሚለውን ለማስወጣት ድፍረት አጣች! እንግዲህ ምን ይባላል? ያንኑ ወረቀት ለአንድ መድኃኒት ፋብሪካ ላቦራቶሪ አስገባች።

ለቃለ መጠይቅ ሲጠሯት አመዷ ቡን አለ። «አልሄድም፤ ደፋር መስያቸው ነው የጠሩኝ፣ ሲያዩኝ ውሸታም ነው የሚሉኝ» ብላ አልቅሳ ሞተች። ሌላው ቦታ ሁሉ ሞልቷል፤ ይሄ ካመለጣት ዓመቷ ተቃጠለ ማለት ነው። እየጎተትኩ ወሰድኳት። ላዩን እቆጣለሁ እንጂ ሆዴ ውስጥ ያለውን የማውቀው እኔ ነኝ።

ክፍሉ መስታወት ነው፤ ይታያል እንጂ አይሰማም። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ኃላፊው ወረቀቷን አንስቶ አነበበና አንድ ነገር ጠየቃት። እሷ ስትመልስ ሰውየው መነጽሩን አወለቀ፤ አጠገቡ ያለችው ሴት ሳቀች። አለቀልን አልኩ።

ላብ በላብ ሆና ወጣች። ደረጃው ላይ አቁሜ አናዘዝኳት።

«ደፋር ነሽ ወይ አለኝ። አይደለሁም፣ እሱን የጻፈችው የኮፒ ቤቷ ሴትዮ ናት አልኩት።»

«ወይኔ ልጄን!»

«ከዚያ የሌሎቹን ወረቀት ዘረጋልኝ። ሁሉም ደፋር ነው፣ ቃል በቃል። እሺ አንቺ ምንድን ነው የምትፈሪው ሲለኝ፣ ያልሞከርኩትን ነገር ሰው ላይ መቀባት አልኩት። የጸጉር ቤቱን ነገርኩት። ታዲያ ይሄ ለምን ሲቪሽ ላይ የለም አለኝ። አሠሪሽን ጠይቀን እንወስናለን አለ። ያንቺን ስልክ ሰጠሁት።»

«የእኔን?»

ደንበኛ አባራሪ ስላት የኖርኩ ሴትዮ፣ አፌ ደግሞ ልጓም የለው! አንድ ቃል ካመለጠኝ የልጅቷ ዓመት በእኔ ምላስ ሊቃጠል ነው። በማግስቱ ጸጉር ማድረቂያው በጮኸ ቁጥር ስልክ እየመሰለኝ አጠፋዋለሁ። ድንጉጥ ጥግ ይዛ ፎጣ ታጥፋለች፣ ትፈታዋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ምሳ የቀመሰ የለም።

ሲደወል እጄ ቀለም በቀለም ነበር። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ያዝኩት።

«አሠሪዋ ነዎት?» አለ ሰውየው።

«አዎ ጌታዬ።»

«ፈሪ ነኝ ብላናለች። እውነት ነው?»

ጎበዝ ናት፣ ታታሪ ናት ልል ስንት ተለማምጄ ነበር፤ ሁሉም ብን ብሎ ጠፋ። ድንጉጥ ፎጣውን አፏ ላይ ጭና ታየኛለች።

«ፈሪ ናት» አልኩ። «ከፈሪም ፈሪ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጸጉር ስሠራ የኖርኩ ነኝ፤ የራሴን ግን ከእሷ በቀር ለማንም አላስነካም።»

አበላሸሁት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሰኞ ጠዋት ትምጣ» አለና ዘጋው።

ነገርኳት። እልል ትላለች ስል የደንበኛ ወንበር ላይ ዝርፍጥ አለች።

«አክስቴ፣ እውነትሽን ነው?»

«ሰኞ አለ እኮ! በጆሮዬ ሰማሁት።»

«እሱን አይደለም። የጸጉሩን።»

ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ፎጣሽን እጠፊ» አልኳት።