ያልተነካ ለውዝ

አይጥ እይዛለሁ፣ እመዝናለሁ፣ የጆሮዋን ጫፍ በስቼ እለቃታለሁ። የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ተሸካሚዎችን ከሁሉም በላይ የሚያስቃቸው ይሄ መልቀቄ ነበር።

«ኑ እዩ፣ ምሕረት አደረገችላት!» ይላል አንዱ ጆንያ እንደተሸከመ።

«ምን ምሕረት ነው! ጆሮዋን በስታ ሎቲ ልታደርግላት ነው። ልትድራት ነው እንጂ!» ይቀበላል ሌላው።

እኔ አቀርቅሬ እጽፋለሁ። መልስ ሳይኖረኝ ቀርቶ አይደለም። አፌን እስክከፍት ድረስ ሳቁ ያልቅና ወሬው ሌላ ቦታ ይደርሳል። እንደዚያ ነው ያደግኩት። ቤታችን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ ነው፤ እዚያ ሰፈር ዝምተኛ ሴት ልጅ ጨዋ ትባላለች። ሌላ ምንም አትጠየቅም።

ሥራው የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ ነበር። በጣቢያው የእህል መጋዘን ውስጥ ምን ያህል አይጥ እንዳለ ማወቅ ፈለግኩ። አይጥ እንደ በግ በር ላይ ተቁሞ አይቆጠርም። ስለዚህ የተወሰኑትን ይዞ፣ ምልክት አድርጎ መልቀቅ ነው። በሳምንቱ እንደገና ሲያዙ ምልክት ያለባቸው በብዛት ከተመለሱ፣ መጋዘኑ ውስጥ ያሉት ጥቂት ናቸው። አንዲትም ካልተመለሰች ግን ከብዙ አይጥ መሃል ገብታ ጠፍታለች ማለት ነው።

የእኔዎቹ አልተመለሱም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ዓርብ ማታ የሽቦ ወጥመዶቼን እደረድራለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ አያለሁ። ጆሮው ያልተበሳ አይጥ ሞልቶ ይጠብቀኛል።

ወጥመዶቹን ሌሊቱን የሚጠብቁልኝ የመጋዘኑ ዘበኛ ነበሩ፤ አባቴን በሕይወት ሳለ የሚያውቁት ሽማግሌ። ከመጋዘኑ ጋር በተያያዘች አንዲት ክፍል ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ክፍሏ የባቡሩ ናት፤ ሥራው የቀረ ዕለት ክፍሏም ትቀራለች። ቅዳሜ ጠዋት ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «ቦንዡር ልጄ! አይጦቹ ዛሬም አላሳፈሩሽም!» ይላሉ። የድሮ የባቡር ሠራተኛ በፈረንሳይኛ ቦንዡር ብሎ ሰላም ማለቱን አይተውም። እኔም ደስ ይለኛል። አሁን ያ ደስታዬ ትዝ ሲለኝ ያናድደኛል።

በየወጥመዱ ውስጥ አይጧ እንድትገባ በተወቀጠ ለውዝ የተጠቀለለች ዳቦ አስቀምጣለሁ። ከኅዳር ወር ጀምሮ ደብተሬ ላይ አንድ ነገር መጻፍ ጀመርኩ፤ «ለውዙ አልተነካም።» አይጧ ወጥመዱ ውስጥ አለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ታስራ አድራለች፣ ለውዙ ግን እንዳስቀመጥኩት ነው። የራባት አይጥ አጠገቧ ያለ ለውዝ እያየች አታድርም። ይህን ማንም ያውቃል፤ እኔ ደግሞ ተምሬዋለሁ። በየሳምንቱ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፍኩት እንጂ ማንንም አልጠየቅኩም። ዘበኛውን ብጠይቃቸው የጠረጠርኳቸው ይመስላቸዋል ብዬ ፈራሁ። የዩኒቨርሲቲ አማካሪዬን ብጠይቅ ደግሞ ሞኝ እባላለሁ ብዬ ተውኩት።

አንድ ቅዳሜ ወጥመዱ ውስጥ የሜዳ አይጥ አገኘሁ፤ በአቃቂ ወንዝ ዳር ሣር ውስጥ በቀን የምትሮጠው ዓይነት። አማካሪዬ ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሡ። «የሜዳ አይጥ መጋዘን ገባች! ይሄ እኮ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል» አሉ። ያንንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

በመጋቢት የደረስኩበትን ግምት አስረከብኳቸው። በስሌቱ መሠረት መጋዘኑ ውስጥ ከእህል ጆንያው የሚበልጥ አይጥ ነበር። ገና ረቂቅ መሆኑን ከላይ ጽፌበት ነበር።

በሚያዝያ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጣቢያው ስሄድ ቦንዡር የሚለኝ አልነበረም። ዘበኛው ክፍላቸው ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ነይ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ» አሉና ደብዳቤ ሰጡኝ። «ዓይኔ ደክሟል።»

ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው። በቸልተኝነት ምክንያት መጋዘኑ በአይጥ መወረሩ በዩኒቨርሲቲ ጥናት ስለተረጋገጠ፣ በወሩ መጨረሻ ከሥራ እንዲሰናበቱና ክፍሏን እንዲያስረክቡ ይላል። ከሥር ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ የእኔ ነው። አማካሪዬ ሳይነግሩኝ፣ ረቂቅ የሚለውንም ቃል ቆርጠው፣ ለባቡሩ መሥሪያ ቤት ሰጥተውታል።

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ከዚያ በስድስት ወር ውስጥ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩ።

«አባባ፣ ጆሯቸውን የበሳኋቸው አይጦች የት ነው የሚሄዱት?»

«የት ይሄዳሉ! አንቺ እንደወጣሽ በአካፋ ነዋ የምላቸው። እህል ቤት አይጥ ለቀሽ ስትሄጂ ቆሜ ልይ? ዘበኛ አይደለሁም እንዴ?»

«ወጥመዱ ውስጥ የማገኛቸውስ?»

ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው አጠፉት። «አንዳንዱ የዚሁ ነው።»

«ሌላውስ?»

«እዚህ ጎረቤት ያለው ባለወፍጮ በቆርቆሮ ይይዝልኛል፤ ሊነጋ ሲል ወጥመድሽ ውስጥ አስገባቸዋለሁ። ከወንዙ ዳርም አምጥቻለሁ፣ አንድ ሁለቴ።»

«ለምን?»

«ለምን ትላለች ደግሞ! ባዶ ወጥመድ ስታዪ ፊትሽ ምን እንደሚመስል አታውቂም። አንዲት ቃል አትተነፍሺም፣ ፊትሽ ግን ይጠቁራል። የዚያን ደግ ሰው ልጅ ባዶ እጇን ልስደዳት?»

ምልክት ያለበትን እየገደሉ ምልክት የሌለበትን እየተኩ፣ እኔም በጥንቃቄ እየመዘንኩና እየጻፍኩ፣ ሁለታችን ሆነን የሌለ አይጥ ስናራባ ከርመናል። ምናልባት ያ መጋዘን ከአካባቢው ሁሉ አይጥ ያነሰበት ነበር። ሰውየው ሊባረሩ የነበረው ሥራቸውን አጥብቀው በመሥራታቸው ነው። ይህን ሳስብ ላዝንላቸው ይገባ ነበር። እኔ ግን ተንገበገብኩ። የሚያለቅስ ሕፃን በከረሜላ እንደሚባበል ነው ስድስት ወር ሙሉ ያባበሉኝ።

ሰኞ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። ሳይሉኝ ተቀመጥኩ።

«ዶክተር፣ ቁጥሩ ልክ አይደለም። ወጥመዱ ውስጥ የተገኙት አይጦች ከውጭ የመጡ አሉባቸው።»

«ማን አለሽ?»

«ዘበኛው።»

ሳቁ። «ምርምር በዘበኛ ወሬ ይፈርሳል እንዴ? ሰውየው ሊባረር ነው፤ አፉ ላይ የመጣለትን ይላል።»

«ደብተሬም ይላል። ለውዙ አልተነካም ብዬ ከኅዳር ጀምሮ ጽፌያለሁ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

ደብተሩን ኅዳር ላይ ገልጬ ጠረጴዛቸው ላይ አደረግኩላቸው። አላዩትም።

«ሂጂ ጽሑፍሽን ጨርሺ» አሉኝ ወረቀታቸውን እየገለጡ። «ለአንድ ዘበኛ ብለሽ አንድ ዓመት ልታቃጥዪ ነው?»

ያን ለታ በሚኒባስ ወደ አቃቂ ስመለስ ያልመለስኩላቸውን መልስ ሁሉ በልቤ መለስኩ። ረቂቄን ለምን ሰጡብኝ? ስሜ ያለበትን ወረቀት ሳይጠይቁኝ ለምን ሰውን ከቤት ማስወጫ አደረጉት? ቃሊቲ ስደርስ ጥርሴን ከመንከሴ የተነሣ መንጋጋዬ ታመመ።

በማግስቱ የጣቢያው ሹም ዘንድ ሄድኩ። ዘበኛውም ተጠርተው በሩ አጠገብ ቆሙ። እውነቱን በሙሉ መናገር አልቻልኩም፤ አይጥ በቆርቆሮ ይዞ እህል ቤት ያስገባን ዘበኛ ማን ያቆየዋል? ስለዚህ ሌሊቱን አስቤ እያንዳንዱ ቃል እውነት የሆነ ወረቀት ጽፌ ነበር። ቆሜ አነበብኩት።

«ወጥመዶቹ ውስጥ የተገኙት ሁሉ የዚህ መጋዘን አይጦች መሆናቸውን ማረጋገጥ አልችልም። የቀረበው ቁጥር ሊታመን አይገባም። ይህን አስቀድሜ ማጣራት የነበረብኝ እኔ ነኝ።» ፈርሜ ሰጠኋቸው። አንድ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው እንደምልክም ነገርኳቸው።

ሹሙ ሁለቴ አነበቡት። «ማለት፣ አይጥ መቁጠር አቃተሽ?»

«ልጅ ናት እንግዲህ፣ ትሳሳታለች» አሉ ዘበኛው ከበሩ አጠገብ፣ በቅን ልቦና፣ ሊያማልዱኝ።

ሹሙ ሳቁ። «ድሮስ ሴት ልጅና አይጥ!» አሉና ደብዳቤው እንዲሻር ለጸሐፊያቸው ነገሯት።

ወጣሁ። ዘበኛው ሐዲዱ ዳር ደረሱብኝ። ተሸካሚዎቹ ከፉርጎ እህል እያወረዱ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉና ፊቴን አይተው ቆሙ። «ተቀየምሽኝ እንዴ?»

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ኧረ በፍጹም፣ ምን በወጣዎት። አፌ ላይ ደርሶም ነበር።

«አዎ፣ ተቀይሜዎታለሁ» አልኳቸው። «ዓመቴን ወስደውብኛል። አንዲት ጥርጣሬዬን ሳልጽፍ አላደርኩም፣ እርስዎ ግን ልጅ ናት፣ ትሳሳታለች ይላሉ። ወጥመዱ ባዶ ከሆነ ባዶውን ነበር የምፈልገው!»

ድምፄ እንደዚያ መውጣቱን አላወቅኩም ነበር። ተሸካሚዎቹ ጆንያ እንደያዙ ቆመው ያዩናል።

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። አላሾፉም፤ በእውነት አልገባቸውም ነበር።

«ባዶው ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ።

ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ስለ ጆሮው፣ ስለ መልቀቁ፣ ስለ ቁጥሩ፣ እየጮህኩ አስረዳኋቸው።