ኤልቫ ትሬጊር ኩራቢንን አላሰርዝም አለች

አክስቴ ኤልቫ ትሬጊር ሠላሳ ስምንት ዓመት ምርጫ ስታስፈጽም ማንንም ፈርታ አታውቅም። እኛ ዘመዶቿ ግን እንፈራታለን፣ ምን ይደበቃል! የኩራቢን የምርጫ ክልል አንድ ሰው እየመረጠ ወደ ፓርላማ መላክ ከጀመረ ወዲህ ያሸነፈው ሁሉ በአዳራሻችን ትልቅ ሳንቃ ላይ ተጽፏል፤ ዓመቱ፣ ስሙ፣ ስንት ድምፅ እንደበለጠ። አሮጌዎቹን መስመሮች አባቷ ጻፈ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉትን እሷ።

ከመስመሮቹ አንዷ «በ1 ድምፅ» ትላለች። ያኔ የተሸነፈው ጎረቤታችን ሬክስ ፓስኮ ነበር፤ የኤልቫ ባል የክሌም የልብ ጓደኛ። እኛ ጋ መራጭ በዕጩዎቹ ሁሉ ስም ፊት 1፣ 2፣ 3 እያለ በምርጫው ቅደም ተከተል ቁጥር ካልሞላ ወረቀቱ ይጣላል። በዚያ ቆጠራ አንድ ሰው ሬክስ ስም ፊት 1 ጽፎ ሌሎቹን ንቆ ባዶ ትቷቸው ተገኘ። ኤልቫ ጣለችው። ወረቀቱ ቢቆጠር ኖሮ እኩል ይወጡ ነበር። የማን እንደሆነ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላለችም።

እንግዲህ ካቻምና የምርጫ ክልሎችን ወሰን የሚያሰምሩት ሰዎች ከዋና ከተማ መጡና አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ጠሩ። ኩራቢን ሕዝቡ ስላነሰ ተሰርዞ በባሕሩ ጠረፍ ካለው ትልቅ ክልል ጋር ሊቀላቀል ነው። ኤልቫ በሰማንያ ዓመቷ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«እሜቴ፣ ስሜትዎን እንረዳለን» አላት ሰብሳቢው።

«ስሜቴን ተወውና የምልህን ስማ!»

«እየሰማን ነው። ግን ብትቀላቀሉም እኮ ድምፃችሁ አይጠፋም።»

«ድምፅ ሲጠፋ አይተህ ታውቃለህ? ይቺን መስመር እያት። ያን ቀን የጣልኩት የገዛ ባሌን ወረቀት ነው። የክሌምን እጅ ጽሑፍ አጥቼው ነው?»

እኔ በበኩሌ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ፊት ወንበር ላይ የነበረችው የሬክስ ልጅ ላቭዴይ ፓስኮ ብድግ አለች።

«አንቺ! አባቴ እስኪሞት ሲንገበገብ ከርሞ፣ ገበታችን ላይ ቀርበሽ ስትበዪ ምንም አልመሰለሽም?»

«መስሎኛል እንጂ። ክሌምም እስኪሞት ይቅር አላለኝም። ዛሬም ያ ወረቀት ቢመጣልኝ እጥለዋለሁ!» ወደ ሰብሳቢው ዞረች። «የገዛ ቤቴን አቃውሼ የጠበቅኩትን ክልል አንተ በማስመሪያ ልትሰርዘው ነው?»

ሰውዬው ወረቀቱን አገላበጠ። ላቭዴይ «ይቺን ሴትዮ ዓይኗን ማየት አልፈልግም» አለች። «ግን የተቃውሞ ማመልከቻው ላይ ስሜን ከእሷ ሥር ጻፉልኝ።» ከዚያ በኋላ ያልፈረመ አልነበረም።

ምን ዋጋ አለው፣ ሰረዙን። በሰባተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። አዳራሻችንም ምርጫ ጣቢያነቱ ቀረ። የሠፈሩ ወጣቶች ተናድደው ወረቀታችንን እናበላሻለን አሉ፣ ኤልቫ ግን ጮኸችባቸው፦ «ማን ሞተና ነው? ቁጥራችሁን ሙሉና ክተቱ! እነሱ እኮ የሚፈልጉት ዝም እንድትሉላቸው ነው።»

በምርጫው ቅዳሜ ሳንቃውን ፒካፕ ላይ ጭነን ወደ አዲሱ ምርጫ ጣቢያችን ሰባ ኪሎ ሜትር ነዳን። የጣቢያው ጠባቂ ገና ከሩቅ አይቶን ጮኸ።

«የቅስቀሳ ነገር ከበሩ ስድስት ሜትር ይራቅ!»

«የምን ቅስቀሳ? እዚህ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሞተዋል፣ ማን ሊመርጣቸው ነው?» አለች ኤልቫ። ሕግ ሕግ ነውና ግን ስድስት ሜትሩን በራሷ ሜትር ለካች። የሜትሩን ሌላ ጫፍ የያዘችው ላቭዴይ ናት፤ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

ቋሊማ በዳቦ ከሚሸጥበት ሰልፍ አንድ ጎረምሳ ዕጩ እየሳቀ መጣ። ስሙን ደረቱ ላይ ለጥፏል።

«እሜቴ፣ ድምፅዎን አገኝ ይሆን?»

«እሱ የኔና የሳጥኑ ነው። ግን ካሸነፍክ እዚህ ላይ እጽፍሃለሁ።»

«ደስ ይለኛል!»

«ቆይ፣ አትቸኩል። ኩራቢን ድረስ መጥተህ፣ ሰዎቹ ፊት ቆመህ፣ ስምህን በአፍህ ትነግረኛለህ። እኔ ከጋዜጣ አልገለብጥም።»

«እንዴታ፣ እመጣለሁ!» ብሎ እጇን ጨብጦ ሄደ።

አሸነፈ። ኤልቫ በማግስቱ ሳንቃውን አስሰቅላ ዓመቱን ጻፈች፣ የድምፁን ልዩነት ጻፈች፣ በመካከል የስሙን ቦታ ተወች። ይኸው አሥራ አራት ወር ሆነው። የጎረምሳው ቢሮ ሠራተኞች ሁለት ጊዜ ደውለው የስሙን አጻጻፍ ሊነግሯት ሞከሩ፣ ሁለቴም ጆሮአቸው ላይ ዘጋችባቸው። አዳራሹ የገባ ሰው ሁሉ ባዶውን እያየ «ይሄ ማነው?» ይላል። «ያልመጣው ነው» ትላለች ኤልቫ።