ኮሎኔሉ የገነባው ምሽግ

ግንበኛው ሠላሳ ስምንት ዓመት ድንጋይ ከድንጋይ ሲያጋጥሙ ኖረው ጡረታ ከወጡ ገና ዓመታቸው ነው። የእህታቸው ልጅ ደግሞ የታሪክ ቪዲዮ ጌም ከሚሠራ ድርጅት ተቀጥራ፣ በቅኝ ገዢዎች ዘመን እንደተሠራ የሚታሰብ፣ በእውን ግን የትም የሌለ ምሽግ በኮምፒውተር ትሥላለች።

«ጋሼ፣ ለግማሽ ቀን ብቅ ብለው ግንቡን ብቻ ይዩልኝ» አለቻቸው።

ግማሹ ቀን ሦስት ሳምንት ሆነ።

ገና ስክሪኑ ፊት ሲቀመጡ ጣታቸውን ግንቡ ላይ ቀሰሩ። የድንጋዮቹ መጋጠሚያ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ተሰልፏል።

«የላዩ ድንጋይ የታቹን መጋጠሚያ ካልረገጠማ ይሄ ግንብ አይደለም፣ ቁልል ነው። በአንድ ክረምት ይናዳል!»

«ጋሼ፣ ጌም እኮ ነው፤ አይወድቅም።»

«ያልወደቀው ስላልቆመ ነው!»

ልጅቷ እያጉረመረመች አስተካከለችው። በማግስቱ ደረጃው አላስቻላቸውም፤ «ይሄን የሚወጣው ወታደር ነው ፍየል?» አሉ። አለቃዋ፣ ማዳመጫ ከጆሮው የማይለየው ጎልማሳ፣ «አባባ፣ ተጫዋቹ እኮ ልብ አይለውም» ባላቸው ቁጥር ደማቸው ይፈላል። ቤት ሲገቡ ደግሞ ባለቤታቸው፣ «ሰውዬ፣ ከሥዕል ጋር ትጣላለህ?» ይሏቸዋል።

የባሰው የመጣው በሩ ላይ ነው። ከቅስቱ በላይ በትልቁ «ይህን ምሽግ ኮሎኔሉ ገነባው» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል፤ ኮሎኔሉ በጌሙ ታሪክ የምሽጉ አዛዥ ነው። ግንበኛው ብድግ አሉ። እሳቸው በገነቡት ትምህርት ቤትም፣ እሳቸው በገነቡት ባንክም በር ላይ የተጻፈው መርቆ የከፈተው ሹም ስም ነው።

«ኮሎኔሉ? ኮሎኔሉ አንዲት ጠጠር አንስቷል?»

«እንግዲህ ምን ይሁን፣ አባባ?» አለ አለቃው።

«ድንጋዩን የተሸከመው ሰው ይታይ!»

አለቃው ለመገላገል ያህል እሺ አለ። በሳምንቱ አርባ ሠራተኞች ምሽጉ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ተሸክመው ይመላለሱ ጀመር፤ ሽርሽር የወጡ ይመስል ቀጥ ብለው፣ ዘና ብለው።

«ድንጋይ ነው ትራስ?» አሉ ግንበኛው። ቢቸግራቸው የቢሮውን የውሃ ጀሪካን ራሳቸው ትከሻቸው ላይ ጭነው ከመስኮቱ እስከ በሩ ተራመዱ። ልጅቷ አረማመዳቸውን ለሠራተኞቹ ልትሰጥ በካሜራ ቀረጸችው።

ሥራው ሲያልቅ ማጎንበሱም፣ ማለክለኩም ልክ ነው። ግን አርባውም ያነክሳሉ። ግንበኛው ድሮ ከመሰላል ሲወድቁ የተጎዳው ግራ ጉልበታቸው አርባ ሰው ላይ ተገልብጧል።

«አንቺ ልጅ፣ ሁሉንም አንካሳ አደረግሽብኝ!»

«እሺ፣ የቱ አያንክስ ታዲያ?» አለች፣ የእሷም ትዕግሥት አልቆ።

ግንበኛው ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። አብረዋቸው የሠሩትን አንድ በአንድ አስታወሱ፦ ወገቡ የተቀጨውን፣ ጣቱ የተጨፈለቀውን፣ አቧራ ሳንባውን የበላውን። ደህና የወጣ አንድም አጡ።

«ተይው» አሉ።

የበሩ ጽሑፍ ግን አልተነሳም። ቤታቸው ገብተው፣ «አርባ እኔን ሠርተው ሥራውን ለኮሎኔሉ ሰጡት!» እያሉ ሲንጨረጨሩ ባለቤታቸው፣ «አርባ? እኔ አንዱም በዝቶብኛል» አሏቸው።

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይጠራቸው ስለ ጽሑፉ ሊከራከሩ ተመልሰው ሄዱ።