መስመርና ተናጋሪው ኤዲተሯ

እውነተኛ ስሟን በሆስፒታሉ ውስጥ የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው። ሌሎቻችን «መስመር» እንላታለን። ሃያ ሁለት ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ «መስመር ላይ ይጠብቁኝ» ስትል ኖረችና ቃሉ ስም ሆኖ ተለጠፈባት። ዓይኖቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አያዩም፤ ጆሮዋ ግን ጉድ ነው። በኮሪደሩ የሚመጣውን ሰው በእርምጃው ትለያለች። ዳይሬክተሩ በሩ ጋ ሳይደርሱ «መጡልህ፣ እግርህን ከጠረጴዛው አውርድ» ብላ ያዳነችኝ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ስንጋራ ስድስት ዓመታችን ነው። እኩያሞች ስለሆንን «አንቺ» እላታለሁ።

ማዞሪያው ተነቅሎ አዲሱ ስልክ ሲገባ መስመር የምትሠራው ነገር አጣች። ከሥራ አላስወጧትም፤ ግን የክፍላችን መግቢያ አጠገብ ወንበር ሰጥተው ተዉአት። «ወንበሩ እንዳይሰረቅ ቀጠሩኝ» እያለች ትስቅ ነበር። ሳቁ ግን ከአንጀት አልነበረም።

በዚያው ዓመት ላቦራቶሪው፣ ፋርማሲውና ራጅ ክፍሉ ኮምፒውተር ገባላቸው። ከየክፍሉ የሚወጣውን ውጤት አንድ ቦታ ተቀብሎ ለሐኪሞቹ የሚያደርስ ሰው ተፈለገ። መስመር ይህን እንደሰማች በትሯን ይዛ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

«መስመር ማገናኘት የእኔ ሥራ ነው» አለቻቸው። «ሽቦው ቢለወጥም ሥራው ያው ነው።»

ዳይሬክተሩ እምቢም እሺም ለማለት ቸግሯቸው ሦስት ወር ሰጧት።

የኮምፒውተር ቴክኒሻኑ ፈልጎ ፈልጎ አንድ ያረጀ ኤዲተር አገኘላት። ኤዲተር ማለት ጽሑፍ መጻፊያና ማረሚያ ፕሮግራም ነው፤ ይሄኛው ግን ከዚያም ያልፋል። ከእሱ ሳይወጡ ሌሎች ትንንሽ ፕሮግራሞችን ማስነሳት፣ መቆጣጠርና «መግደል»፣ ማለትም ማስቆም፣ ይቻላል፤ ሩቅ ካለ ማሽን ጋር ግንኙነት መክፈትና መዝጋትም እንዲሁ። ከሚያስነሳቸው ፕሮግራሞች አንዱ ደግሞ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ድምፅ ነው። አፍንጫው የታፈነ ሰው ድምፅ ይመስላል፤ ለመስመር ግን ሁሉን ነገር የሚያሳያት እሱ ነው።

መመሪያውን ያነበበችላት ታናሽ እህቷ ናት። የቋንቋ አስተማሪ ናት፤ ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ማጥፊያውን ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ያንን ድልብ መጽሐፍ እየተረጎመች ታነባለች፤ መስመር በጣቷ ጉልበቷ ላይ እየጻፈች ትሸመድዳለች። አንድ ቀን እህትየው መነጽሯን አወለቀች አሉ።

«እዚህ ላይ "ወላጁ ሲሞት ልጆቹ ምን ይሆናሉ" ይላል። ይሄ የኮምፒውተር መጽሐፍ ነው ወይስ የኑዛዜ ወረቀት?»

«ያስነሳው ፕሮግራም ወላጅ ነው፣ የተነሳው ልጅ ነው» አለች መስመር። «በይ ቀጥይ፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ቀሩብኝ።»

ሦስቱ ወር ሳይሞላ ሥራው እጇ ገባ። ጠዋት ትመጣለች፣ ኮቷን ትሰቅላለች፣ ማዳመጫውን ግራ ጆሮዋ ላይ ብቻ ታደርጋለች፤ ቀኙ ለሰው ነው። ከዚያ ኤዲተሩን ዝርዝር ትጠይቀዋለች። ድምፁ አንድ በአንድ ይነግራታል፦ ላቦራቶሪ፣ ክፍት፤ ፋርማሲ፣ ክፍት፤ ራጅ፣ ተዘግቷል፤ አታሚ፣ እየሠራ። የተዘጋውን ትከፍታለች። ሥራውን ጨርሶ ዝም ብሎ የተጎለተ ፕሮግራም ካለ «አንተ ደግሞ ምን ትጠብቃለህ?» ብላ ትገድለዋለች። ስክሪኑን ስለማትፈልገው አታበራውም። አዲስ የመጣ የአስተዳደር ኃላፊ አንድ ረፋድ ገብቶ ጥቁሩን ስክሪን ሲያይ «እስካሁን ሥራ አልጀመሩም?» ቢላት «ሦስት ሰዓት ሙሉ ስሠራ ነው የቆየሁት፤ ያላዩት እርስዎ ነዎት» አለችው። ሰውየው ጆሮው ድረስ ቀላ።

እንዲህ ሁለት ዓመት በሰላም ሄደ። ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ።

ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ አነሳሁት። የኦፕራሲዮን ክፍል ነርሷ ነች። በድንገት የገባች ወላድ አለች፤ የደሟ ዓይነት ውጤት ከላቦራቶሪ አልደረሰንም አለች። ለመስመር ነገርኳት። «ቆይ» ብላ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ ሮጥ ሮጥ አደረገች። ከዚያ ቀጥ አለች።

«ዝም አለኝ።»

«ማን?»

«ድምፁ።»

የማዳመጫውን ሽቦ ነቅላ ሰካች። ምንም የለም። ድምፁን እንደገና የሚያስነሳውን ትእዛዝ በቃሏ ጻፈች። ምንም። ደግማ ጻፈች። አሁንም ምንም።

«ስክሪኑን ላብራና ላንብብልሽ» ብዬ ዞር አልኩ። ስክሪኑ የለም! ባዶ ጠረጴዛ። ለካ ቴክኒሻኑ «እሷ አትጠቀምበትም» ብሎ ባለፈው ሳምንት ለራጅ ክፍል ወስዶታል። እሱ ራሱ ደግሞ ፈቃድ ላይ ነው።

«እንግዲያው ከሶኬቱ ልንቀለውና እንደ አዲስ ይነሳ።»

«እንዳትነካ!» ድምጿ እንዲህ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «የሞተው አንድ ልጅ ነው። እናትየውን፣ ኤዲተሯን፣ ከገደልካት ፋርማሲውም ራጁም አብረው ይሄዳሉ። ሁሉንም መልሶ ማስነሳት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ላቦራቶሪ ደውል።»

ደወልኩ፤ ተይዟል። ደገምኩ፤ ተይዟል።

ላቧ በጆሮ ግንዷ ሲወርድ አየሁ። እጆቿን ከኪቦርዱ አንስታ ጭኗ ላይ አኖረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔን ብቻ አትጠብቅ። ላቦራቶሪ ሩጥና ወረቀቱን በእጅህ አድርስ። እኔ እዚሁ እሞክራለሁ።»

ላቦራቶሪው ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ሆዴን ይዤ፣ ምነው ነጠላ ጫማ ተጫምቼ መጣሁ ብዬ ራሴን እየረገምኩ ሮጥኩ። ወረቀቱን ተቀበልኩ፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ስደርስ ትንፋሼ ከቃሌ ይቀድማል። ነርሷ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«የደም... ው... ውጤት።»

«መጣኮ! አሁን በማሽኑ ደረሰን። ደሙም ተሰቅሎላታል። ይልቅ አንተ ተቀመጥ፣ ሌላ በሽተኛ እንዳትሆንብን።»

ስመለስ መስመር ማዳመጫዋን ግራ ጆሮዋ ላይ አድርጋ እንደ ወትሮዋ ትሠራለች። ውሃ ሰጠኋት፤ ጠጥታ ነገረችኝ።

እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ያሰበችው አንድ ነገር ነበር፦ ድምፁ ሲጠፋ ምን ላይ ነበርኩ? ላቦራቶሪን በስሙ ፈልጋ ልትከፍት ነበር። ግንኙነቱ ተቋርጦ ስለቆየ ኤዲተሩ «እንደገና ልክፈተው? አዎ ወይስ አይ?» ብሎ ሳይጠይቃት አልቀረም፤ ድምፁ ስለሞተ ጥያቄውን አልሰማችውም። እሷ የምትጽፈውን ትእዛዝ ሁሉ እሱ እንደ መልስ እየቆጠረ ሲውጠው ነው የቆየው።

«አስበው እስቲ» አለች፣ «ሰው አንድ ነገር ጠይቆህ መልስ ሲጠብቅ አንተ ሌላ ወሬ ታወራለህ። ኤዲተሯ አልሰማ አለችኝ ስል፣ ለካ ያልሰማኋት እኔ ነኝ።»

የመሰረዣውን ቁልፍ ተጫነች። ከኮምፒውተሩ ሆድ «ጢት» የሚል ድምፅ መጣ። ይሄ «ጢት» የተናጋሪው ፕሮግራም ሳይሆን የኤዲተሩ የራሱ ነው። «ያን ጊዜ ኤዲተሯ በሕይወት እንዳለች አወቅኩ። በደስታ ልጮህ ነበር።» የሞተውን ድምፅ ገደለችው፣ አዲሱን አስነሳች፣ ላቦራቶሪን ከፈተች፤ እዚያ ተጠራቅሞ የነበረው ውጤት ሁሉ ግር ብሎ ገባ። የወላዷ ሁለተኛው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ደወለች። ወንድ ልጅ ነው፤ እናትየውም ደህና ናት። መስመር ስልኩን ዘጋች። ከዚያ «እኔ ግን ሁለተኛ እንዲህ አልደነግጥም» አለችና መጻፍ ጀመረች።

ሁለት ቀን ፈጀባት። ማታ ማታ እህቷ ስለዚሁ የሚያወራውን ምዕራፍ ደግማ አነበበችላት። የጻፈችው ነገር አጭር ነው፤ ተናጋሪውን ፕሮግራም ኤዲተሩ ራሱ ይጠብቀዋል፤ ሲሞት ወዲያው ያውቃል፣ ሌላ ያስነሳል፣ አዲሱም ገና ሲነሳ «ተመለስኩ» ይላል። ዓርብ ዕለት ማዳመጫውን ነቅላ እኔም እንድሰማ በድምፅ ማጉያ ለቀቀችው። ትገድለዋለች፤ «ተመለስኩ»። ትገድለዋለች፤ «ተመለስኩ»። ከሃያ ጊዜ በላይ ገደለችው። በኮሪደር የሚያልፉ ሁሉ አንገታቸውን እያስገቡ አዩን፤ እኛ ሁለታችን በሳቅ እንባችን ይወርዳል።

ቴክኒሻኑ ከፈቃድ ሲመለስ ስክሪን ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «ይቅርታ፣ እትዬ። አላሰብኩትም ነበር።»

«ስክሪኑ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ነው» አለችው ወደ እኔ እየጠቆመች። «ዳግመኛ ከሮጠ ይሞትብናል።»

ዘንድሮ ወንዙ ማዶ ያለው ሆስፒታል ይህንኑ ሥራ እንድትዘረጋላቸው ጠየቀ፤ በሳምንት ሁለት ቀን በአውቶቡስ ትሄዳለች። እዚያ ዓይነ ስውር የሆነች አንዲት የቀድሞ ስልክ ኦፕሬተር አግኝታ እያስተማረቻት ነው። እንዴት ነው አዲሱ ቦታ ብላት «ሰዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ወንበሩ ደግሞ ከዚህኛው ይሻላል» አለችኝ። ሁለቱን ቀናት ክፍሉ ጭር ይልብኛል፤ እግሬንም ጠረጴዛ ላይ መስቀል ትቻለሁ።