ልጆቿን በስንጥቧ የምታቅፍ ዛጎል

ዓመተ ምሕረቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ብቻ ደርግ አባቴን ሚሊሻ ብሎ ከወሰደው በኋላ፣ በልጉ የከሸፈበት ጊዜ ነው። የረጠበ ጭቃ በሸተተኝ ቁጥር ሐይቅ ዳር የነበረው ቤታችን ይመጣብኛል። እናቴ ያን ሰሞን ወንድሜን ወልዳ አራስ ነበረች፤ እህል ጠፍቶ ጡቷ ስለ ነጠፈ፣ ሕፃኑ እየጠባ ያለቅስ ነበር። ጎረቤቶች «የዓሣ መረቅ ወተት ይመልሳል» ስላሉ፣ እኔ መንጠቆ ይዤ በየማለዳው ወደ ውሃው እወርድ ነበር።

መንጠቆው ላይ የምሰካው ከጭቃው ውስጥ የምለቅመውን፣ ሁለት ክዳን ያላትን ዛጎል ሰብሬ ነበር። ውስጧ ያበጠችውን፣ የሰባች እየመሰለችኝ እመርጥ ነበር። ያበጠው ነገር ግን እንደ ሊጥ ከመንጠቆው እየተንሸራተተ ይወድቅና፣ ባዶ እጄን እመለስ ነበር።

አንድ ቀን ታንኳ የነበራቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን አዩኝና ሳቁብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሐይቁን ልትቀልብ ነው ወይስ ልታጠምድ?»

«አባባ፣ የሰባችዋን መርጬ እኮ ነው!»

«ኧረግ! ምን ስብ አላት? ነፍሰ ጡር ናት እንጂ!»

ቁጢጥ ብለው ከክዳኑ ሥር ያለውን፣ መጋረጃ የመሰለ ስስ ነገር በጣታቸው አንሥተው አሳዩኝ፤ ዓሣ እንደሚተነፍስበት ስንጥብ ያለ ነው። ውሃውን በዚህ እየሳበች ታጣራለች፣ የምትበላውንም ደቃቅ ነገር በዚሁ ትለቅማለች አሉኝ። ስትፀንስ ደግሞ ልጆቿን እዚያው ስንጥቧ ውስጥ አቅፋ ታቆያለች፣ የሚያብጠውም ለዚህ ነው፤ ሲደርሱ ወደ ውሃው ትለቃቸዋለች፤ እነሱም ዓሣ ላይ ተለጥፈው ይሰነብታሉ። ሽማግሌው ይህን ያወቁት ዓሣ ሲያርዱ፣ ስንጥቡ ላይ ከጤፍ ያነሱ ልጆቿ ተለጥፈው እያዩ ነው።

«ሳትሰብር በቢላ ጫፍ ገርበብ አድርገህ እያት። ካበጠች መልሳት፤ ካላበጠች ያን ምላስ የመሰለውን ጠንካራ ሥጋ ስካ። አብሽር፣ ይይዝልሃል!»

እንዳሉኝ አደረግሁና ያን ዕለት አምባዛ ያዝሁ። እናቴ መረቁን ጠጣች፤ በማግስቱም ደገምሁ፣ እያደርም ጡቷ ተመለሰ። ክረምቱ ሲገባ ወንድሜ ጠግቦ ይተኛ ነበር።

ዛሬ የወንድሜ ልጆች ዓሣውን ከገበያ ገዝተው ይበላሉ፣ ዛጎሏን ድንጋይ እየመሰለቻቸው ረግጠዋት ያልፋሉ፤ አልቆጣቸውም፣ ምን ያውቃሉ። እኔ ግን ወንድሜ በልጆቹ መሐል ቁጭ ብሎ ሲስቅ ባየሁ ቁጥር እኒያን ሽማግሌ አስባለሁ። ጋሽ ይማም ይባሉ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው።