አፍንጮ እና የብርድ ሽቶው

ስለ አፍንጮ ላውራችሁ። ችግኝ ጣቢያችን ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርታለች። ዓይኗን ጨፍና ማንኛውንም ተክል አሽትታ ስለምትለይ ነው ስሙ የወጣላት። እኔ ግን እትዬ ነው የምላት። ትምህርቱን ቶሎ ነው የተውኩት፤ ስለ ተክል የማውቀውን ያህል ያሳወቀችኝ እሷ ናት።

«የብርድ ሽቶ» የምንለው ቁጥቋጦ አለ። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፣ ጥላ ይወዳል፣ ሥሩ ላይ ውሃ ከተኛበት ግን አለቀለት። ሌላው ተክል በብርድ ሲኮራመት እሱ ነጭ ክር የመሰለች አበባ ያወጣል፤ ሽታው ገና ከበር ይቀበላችኋል። ችግሩ፣ ሳያብብ ከአጥር ቁጥቋጦ ጋር ሲያዩት አንድ ነው።

አንድ ቀን ሃያ የብርድ ሽቶ ችግኝ ለአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ልንልክ ነበር፣ መስኮታቸው ሥር ሊተከል። እኔ ደግሞ ጽድት ብለው ይሂዱ ብዬ ጠዋት በጎማ አጠብኳቸው፣ አጠገባቸው ያሉትን ሃያ የአጥር ችግኞችም ጨምሬ። የስም ወረቀቱ ሁሉ ሟሙቶ ሄደ። ሳጥብ ቦታቸውንም ደባልቄዋለሁ። ከአርባው አንዱም አላበበ።

አለቃችን አየና «ምን ቸገረን፣ አፍንጮ አለችልን» አለ። «መኪናው ስምንት ሰዓት ይደርሳል።»

እሱ አያውቅም እንጂ እትዬ ከታመመች ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ምንም አይሸታትም። እሱ ከሰማ ያባርረኛል ብላ ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች።

«እትዬ፣ ጉድ ሠራሁሽ» አልኳት።

«ልቅሶውን ተይና ችግኙን አቀብይኝ።»

ቅርንጫፉን በጣቷ ትዳብስ ጀመር። «የአጥሩ ቅጠል እንደ ሙሽሮች ፊት ለፊት ነው። የብርድ ሽቶ እንደ ተኳረፈ ሰው ነው፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ከፍ ብሎ እዚያ።» እንዲህ እየዳበሰች አርባውንም ለየች።

መኪናው ደጅ ላይ ጥሩንባውን ሲነፋ አለቃችን ተመልሶ መጣ፣ እጁ ውስጥ የሆነ ነገር ጨብጦ። በየዓመቱ የሚጫወትባት ጨዋታ ነው። «ጨፍኚ። ምንድን ነው?»

አሸተተች። «የብርድ ሽቶ።»

እጁን ዘረጋ። የአዝሙድ ቅጠል ነበር፤ እኔ ከቆምኩበት ይሸተኛል። እሱ ሊስቅ ብሎ ተወው።

«አይሸተኝም፣ ጋሼ» አለች። «ሁለት ወር ሆነኝ። ችግኞቹን በቅጠላቸው ነው የለየኋቸው። ይዩዋቸው።»

መነጽሩን አደረገ። ሃያውን አንድ በአንድ፣ ቅጠል በቅጠል አየ። ሾፌሩ ሁለቴ ቢጠራውም ማየቱን ቀጠለ።

«ጫን» አለው በመጨረሻ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ለምን ደበቅሽኝ?»

«ያባርሩኛል ብዬ ነዋ።»

«የኔ ግራ ጆሮ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። ማን አባረረኝ?» አለና ወደ እኔ በአገጩ ጠቆመ። «ነገ ለሁሉም አሳዪያቸው ይሄን የቅጠል ነገር። ከዚህች አጣቢ ጀምሪ።»

እሱ ሲርቅ እትዬ ክንዴን ጨመቀችው። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝና ከአጥሩ ችግኝ አንድ ቅርንጫፍ አስጨበጠችኝ።