ዶክተር ስንዱ ያደለቻቸው ትንንሽ ድስቶች

ውሸት ነው ብዬ ነበር። ጠዋት የደብረ ብርሃን ጓደኛዬ ደውላ ዶክተር ስንዱ አረፈች ስትለኝ፣ የትኛዋ ስንዱ ብዬ ጠየቅኋት። ሌላ ስንዱ እንደማላውቅ እያወቅሁ።

ፌስቡክ ስከፍት በፎቶዋ ተሞልቷል። ያ መጽሐፏ ጀርባ ላይ ያለው፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ የምትስቅበት። ካሜራ ፊት ካልሆነ በቀር እንደዚያ ስትስቅ ብዙም አላየኋትም። አሁንም ስልኳን ብደውል የምታነሳው ይመስለኛል።

ለማታውቋት፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነበረች። የሰላ ድንጋይ ቄስ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለች። በሬዲዮ ስለ ልጆች አመጋገብ ስታወራ ሰው ሥራውን አቁሞ ይሰማት ነበር፤ በኋላም ቴሌቪዥን ላይ ወጣች። መጽሐፏን ያልገዛ የከተማ ወላጅ ያለ አይመስለኝም።

እኔ ያወቅኋት ከዚያ ሁሉ በፊት ነው። አንኮበር ገጠር ውስጥ ጤና ኬላ የምሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። እስካሁንም እዚያው ነኝ። መጀመሪያ ለሥራ ስትመጣ አንቱ አልኳት፤ «አንቱ ካልሽኝ ምሳዬን ለብቻዬ ነው የምበላው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ ብያት ቀረሁ።

ያን ጊዜ ዐቢይ ጾም ነበር። ከቅዳሴ በኋላ እናቶቹን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ሰበሰብናቸው። ሕፃን ጾም የለበትም፣ እንቁላል ስጡት እያልኩ ስለፈልፍ ኖሬአለሁ። ሁሉም እሺ ይሉኛል፣ የሚሰጥ ግን የለም። ስንዱ ለምን እንደማይሰጡ ጠየቀቻቸው። አስካለ የምትባል ወጣት እናት፣ «እትዬ፣ ያለኝ አንድ ድስት ነው። የፍስክ ነገር ከነካው የእኛ ጾም ምን ሊሆን ነው?» አለች።

ነገሩ ይኸው ነበር። ልጁን እንቁላል የከለከለው ድስት ነው።

ስንዱ የቄስ ልጅ ናትና አልሳቀችም፣ አልተከራከረችም። በገበያ ቀን ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ሄዳ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚበቃ ትንንሽ ድስት አሠራችና ለእናቶቹ አደለች። የደብሩን ቄስም አነጋገረቻቸው፤ እሳቸው በእሑድ ስብከታቸው የልጅ ድስት ለብቻው ይቀመጥ፣ የእናንተን ጾም የሚነካው ነገር የለም ብለው ተናገሩ። በዚያ ጾም የአስካለ ልጅ እንቁላል በላ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ አገጩ ቢጫ ሆኖ ነበር።

ከአፏ የማትጠፋ አባባል ነበረቻት፤ «መጀመሪያ ለልጁ፣ የተረፈው ለገበያ።» ሬዲዮ ላይም እሷኑ ነው የምትለው። የእኛ ሰፈር ወንዶች ጠላ ቤት ቁጭ ብለው «መጀመሪያ ለእኔ፣ የተረፈው ለሚስቴ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ነግሬያት ተናዳለች።

ከዚያ መጽሐፉ ወጣ። ስለ ልጅ ድስቱ ጻፈች፣ ስለ እኛ አገር የሀበሻ እንቁላል ጻፈች። አገር ወደደው። ከተሜው የሀበሻ ካልሆነ ለልጄ አላበላም አለ። እንቁላል ነጋዴው ፒክአፕ ይዞ እኛ ገበያ ድረስ መምጣት ጀመረ። ዋጋው ሽቅብ ወጣ። ዋጋ ሲወጣ ድሃ ምን ያደርጋል? ይሸጣል። ጨው አለ፣ ሳሙና አለ፣ የትምህርት ቤት ደብተር አለ። ዶሮዋ ደጅ ላይ እየጫረች፣ እንቁላሉ ለልጁ ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት።

አምና ልትጠይቀን መጣች። ገበያ መሃል ስናልፍ አስካለን አገኘናት። ያቺን ትንሽ ድስት ታቅፋለች። ስንዱ ድስቷን ስታያት ፊቷ በራ። ጠጋ ብላ ስታይ ግን ውስጧ ጭድ ተጎዝጉዞ እንቁላል ተደርድሮበታል።

አስካለ ልታመሰግናት ነበር የፈለገችው። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ጥሩ ዕቃ ነው። እስከ ገበያ አንድም አይሰበርብኝ» አለቻት።

ስንዱ ልጆቹስ ይበላሉ ወይ ብላ ጠየቀቻት። አስካለ አፈረችና፣ ትንሹ ሽሮ ፍትፍት እንደሚበላ፣ ነጋዴውም ሳይሄድባት መድረስ እንዳለባት ነግራን ተሰናበተችን።

ስንዱ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ከእነዚህ አፍ ነጥቄ ለከተማ ልጅ አጎረስኩ» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ሁለተኛ መጽሐፍ ጀምራ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ መስመር እንዳልጨመረችበት በስልክ ነግራኛለች። ዝም ብትል ነጋዴው አይቀርም፣ ብትናገር የሀበሻ እንቁላል ፈላጊው ይብሳል። መውጫ ስትፈልግ ከረመች። እኔም አብሬያት ፈለግሁ፣ የለም።

ዛሬ ሁሉም «የዘራችው አፈራ»፣ «ትውልድ አዳነች» ብሎ ይጽፋል። ጻፉ፣ ክፋት የለውም። ለእናንተ ልጆች እውነት ሳይሆን አይቀርም። እኔ እንደዚያ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ነገ ሰላ ድንጋይ፣ አባቷ ባገለገሉበት ደብር ትቀበራለች።

ስንዱዬ፣ ሞትሽን ሰምቼም ጤና ኬላውን ከፈትኩ። እናቶቹ መጡ። አስካለም ትንሹን ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። የክንድ መለኪያውን አሰርኩለት፤ ቀዩ ላይ ነው፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል። አልሚ ምግቡ አልቆብናል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው አልኳት። ማረፍሽንም ነገርኳት። አለቀሰችልሽ እህቴ፣ ከልቧ ነው ያለቀሰችልሽ።

ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ልጁን አዘለችና፣ «ስመለስ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ፣ ገበያው ሳይፈታ ልድረስ» ብላኝ ሄደች።

ደህና ሁኚ። ይህን ሳታዪ መሄድሽ ይሻላል።